ከይሉኝታ ያለፈ ጨዋታ
(በምሩቃን ማኅበራችን የዘንድሮ የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ተናጋሪዎችን ሲጋብዝ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር፤ ስለ ሕክምና ማውራት ክልክል ነው የሚል። ዓመቱን ሙሉ ስለ ደም ግፊትና ስለ ሪፈር ስናወራ ስለምንከርም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ርዕሴ ካቶሊኮችና ሉተራኖች ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ስለ ትውፊት እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው ስል ግን፣ ከኮሚቴው አንዷ እኅታችን በትሕትና "ዶክተር፣ ሰው ቅር አይለውም?" አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ዛሬ የምናገረውም ስለዚሁ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል፦ ሳይቀያየሙ ስለ እምነት መነጋገር ይቻላል ወይ?

እስቲ የተማሪነት ዘመናችንን አስቡት። አንድ ዶርም ውስጥ ስምንት ሆነን ነበር የምንኖረው። አንዷ አጽዋማቱን አንድም ሳታጎድል ትጾማለች፤ አንዷ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ትሰግዳለች፤ አንዷ እሑድ ጠዋት መዘምራን አላት፤ እኔ ቅዳሴ እሄዳለሁ። ምግብ ስናዝ "የጾም ነው የፍስክ?" ተባብለን እንጠያየቃለን፤ ለገናም ለዒድም እንጠራራለን። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን አንዳችን ሌላችንን "ለመሆኑ አንቺ የምታምኚው ምንድን ነው? ለምንስ?" ብለን ጠይቀን አናውቅም። ይህንን መከባበር ብለን ጠራነው። መከባበርም ነበረበት፤ ግማሹ ግን ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታ ጠብ ያርቃል፤ ይህን አልክደውም። ችግሩ፣ ያልተጠየቀ ነገር ባዶውን አይቀመጥም፤ ወሬ ይሞላዋል። "ካቶሊኮች ማርያምን ያመልካሉ" ይባላል። "የመካነ ኢየሱስ ሰዎች አንድ ጊዜ 'አምኛለሁ' ካሉ በኋላ እንደ ፈለጉ ይኖራሉ" ይባላል። ሁለቱም ሐሰት ነው። ሁለቱም ግን ለብዙ ዓመት ሳይነኩ የቆዩት ሰው ሁሉ ጨዋ ስለሆነ፣ ፊት ለፊት የሚጠይቅ ስለ ጠፋ ነው።

እኔ ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በንባብ ብቻ አይደለም። በካቶሊክ ቤት ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ባለቤቴ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነው። ሁለታችንም በቁጥር ትንሽ የምንባል ወገን ነን፤ በተለይ እኛ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኩ ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበር፤ ፕሮቴስታንቱ ሁሉ ተደምሮ 18.6 በመቶ። ስለ መካነ ኢየሱስ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሉተራን ናት። በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ስትመሠረት መጠሪያዋ ላይ የሉተር ስም አልገባም፤ ነገር ግን የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አባል ናት፤ ዛሬ ከታላላቆቹ አባላት አንዷ ሆናለች። እኛ ሐኪሞች ደግሞ ሁለቱንም ቤተ ክርስቲያኖች በሥራቸው እናውቃቸዋለን። ምዕራብ ወለጋ ያለው የአይራ ሆስፒታል የመካነ ኢየሱስ ነው፤ የጉራጌው አጣጥና የወሊሶው ቅዱስ ሉቃስ የካቶሊክ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ያገለገላችሁ ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ፤ አላረዝመውም። ማርቲን ሉተር ዘጠና አምስቱን የክርክር ነጥቦች ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1517 ነው። በ1530 ደጋፊዎቹ እምነታቸውን በጽሑፍ አድርገው በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለካርል አምስተኛ አቀረቡ፤ ጽሑፉን ያዘጋጀው ፊሊፕ ሜላንክቶን ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤ መልስ ሰጠች። ጉባኤው በ1547 ስለ ጽድቅ ባወጣው ውሳኔ ውስጥ 33 የውግዘት አንቀጾች አሉ። በሌላው ወገንም ውግዘቱ ቀላል አልነበረም። ከዚያ በኋላ አራት መቶ ዓመት ያህል፣ ንግግር የነበረው በአብዛኛው የየራስን ወገን ለማጽናት ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር። በ1534 ሚካኤል የሚባል አንድ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እስከ ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል። ሥርዓቱ ከእነሱ ሥርዓት ቢለይም ሉተር እምነቱ አንድ እንደሆነ መስክሮ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ በሮም፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘአቢሲኒያ ገዳም፣ አባ ተስፋ ጽዮን ከካቶሊክ ሊቃውንት ጋር አብረው እየሠሩ የግእዙን አዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 አሳተሙ። አስቡት፤ ሁለቱ ቤቶች እርስ በርሳቸው ፊት በተዟዟሩበት በዚያው ትውልድ የእኛ ሰዎች በሁለቱም ቤት በእንግድነት ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ከ1962 እስከ 1965 ከተካሄደ በኋላ በሩ ተከፈተ። በ1967 የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዓለም አቀፍ ደረጃ ኮሚሽን አቋቁመው መደበኛ ውይይት ጀመሩ። የውይይቱ ትልቁ ፍሬ የወጣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። በጥቅምት 31 ቀን 1999፣ እዚያው አውግስቡርግ ውስጥ፣ ስለ ጽድቅ ትምህርት የጋራ መግለጫ ተፈረመ። በካቶሊክ በኩል ካርዲናል ኤድዋርድ ካሲዲ፣ በሉተራን በኩል የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ጳጳስ ክርስቲያን ክራውዘ ከፈረሙት መካከል ነበሩ። ሰነዱ 44 አንቀጾች ብቻ ነው ያሉት። ሞርኒንግ ከመግባታችሁ በፊት ቡና እየጠጣችሁ አንብባችሁ ትጨርሱታላችሁ።

በዚህ ሰነድ የማረከኝ ይዘቱ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ ነው። በሰባት አከራካሪ ነጥቦች ላይ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ነጥብ መጀመሪያ "አብረን እንመሰክራለን" ብሎ የጋራውን ያስቀምጣል። ከዚያ ሉተራኖች በራሳቸው ቋንቋ እንዴት እንደሚያስረዱት፣ ካቶሊኮችም በራሳቸው ቋንቋ እንዴት እንደሚያስረዱት ይጽፋል። ሁለቱን ማስረጃዎች አያቀልጣቸውም፤ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገርም አይጨፈልቃቸውም። ሁለቱ ቋንቋዎች የጋራውን መሠረት እንደማያፈርሱ ብቻ ያሳያል።

የጋራው መሠረት በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን ነው፤ በራሱ ብቃት አይደለም። ያ ጸጋ ግን ሰውን እንደ ነበረ አይተወውም፤ መንፈስ ቅዱስ ልቡን ያድሰዋል፤ መልካም ሥራ እንዲሠራም ያበቃዋል፣ ይጠራዋልም።

ይህን ነገር በአማርኛ ሳነበው ከጀርመንኛም ከላቲንም የቀለለኝ መሰለኝ። ምክንያቱም "ጸደቀ" የሚለው ቃላችን ሁለት ቦታ ይሠራል። ስለ ሰው እንናገረዋለን፤ ስለ ችግኝም እንናገረዋለን። ክረምት ላይ ተክለን በበጋው "ስንቱ ጸደቀ?" ብለን እንጠይቃለን። ችግኝ ራሱን አይተክልም፤ ጉድጓዱን አልቆፈረም፤ ውኃውንም አላመጣም። ሉተራኖች አጥብቀው የሚይዙት ይህንን ነው። ተተክሎ ሥር ያልያዘ፣ ቅጠል ያላወጣ ችግኝ ደግሞ ጸደቀ አይባልም። ካቶሊኮች አጥብቀው የሚይዙት ይህንን ነው። አንድ ገበሬ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይላቸዋል፤ ሲልም ምንም ግጭት አይታየውም።

"ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ አራት መቶ ዓመት ለምን ተጣሉ?" ትሉኝ ይሆናል። ቀላል አይደለም። ሁሉም ነገር የቃል ልዩነት ነው ብዬ ባልፍ ሁለቱንም ወገን መናቅ ይሆንብኛል። አንዱን ከባድ ነጥብ ላንሣ። ሉተራኖች የጸደቀ ሰው በአንድ ጊዜ ጻድቅም ኃጢአተኛም ነው ይላሉ። ካቶሊኮች ግን በጥምቀት ኃጢአት በእውነት ይወገዳል፤ የሚቀረው ወደ ኃጢአት የሚያዘነብል ዝንባሌ ነው፤ ሰው ፈቅዶ ካልተከተለው በቀር ያ ዝንባሌ በትክክለኛው ፍቺ ኃጢአት አይባልም ይላሉ።

ሕክምና ክልክል ነው ቢባልም አንድ ምሳሌ ይፈቀድልኝ። ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን በሥርዓት ይወስዳል፤ ልኬቱ ከተስተካከለ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ይሠራል፣ ይሮጣል። ይህ ሰው በሽተኛ ነው ወይስ ጤነኛ? አንዱ ሐኪም "ዛሬ መድኃኒቱን ቢያቆም ምን እንደሚሆን አውቃለሁና ስኳር በሽተኛ ነው" ይላል። ሌላው "ጤነኛ ነው፤ የቀረው ተጋላጭነቱ ነው" ይላል። ሁለቱም ግን ለክትትል ይቀጥሩታል፤ ሁለቱም አንድ ማዘዣ ይጽፉለታል። ልዩነታቸው እውነተኛ ነው፤ ለታማሚው የሚናገሩበትን ቃና ሁሉ ይለውጠዋል። ያም ሆኖ አንዱ ሌላውን ከሙያው ውጭ ነው ብሎ የሚከስበት ምክንያት የለም። መግለጫውም ያለው ይህንኑ የሚመስል ነው፤ በሰነዱ ላይ እንደ ቀረበው ከሆነ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ውግዘቶች የዛሬውን የሌላውን ወገን ትምህርት አይመቱም። ውግዘቶቹ ከመዝገብ አልተፋቁም። ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ግን እንደማያገኙት በፊርማ ተረጋገጠ።

እዚህ ነጥብ ላይ ነው ነገሩ ሊፈርስ የነበረው። በ1998 መጀመሪያ ከ140 የሚበልጡ የጀርመን ፕሮቴስታንት የሥነ መለኮት ፕሮፌሰሮች ረቂቁን ተቃወሙ። በሰኔ ወር ደግሞ ከቫቲካን የመጣው መልስ፣ በተለይ "ጻድቅም ኃጢአተኛም" በሚለው ላይ፣ ያልተጠበቀ ጥያቄ ይዞ መጣ። ሠላሳ ዓመት የደከሙት ሰዎች "ጽድቁ ቀርቶብን በቅጡ በኮነነን" ሳይሉ አልቀሩም። ያዳነው ምን ነበር? በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጉባኤ ኃላፊ የነበሩት ካርዲናል ዮሴፍ ራትሲንገር፣ በኋላ ር.ሊ.ጳ. ቤነዲክቶስ 16ኛ፣ የፌዴሬሽኑን የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጳጳስ ዮሐንስ ሃንዘልማንን ሬገንስቡርግ በሚገኘው በወንድማቸው ቤት ተቀብለው ከጥቂት ሰዎች ጋር ተነጋገሩ። ከዚያ ንግግር የተገኘው ማብራሪያ ከመግለጫው ጋር ተያይዞ ወጣ፤ ፊርማውም ተካሄደ። ጉባኤ ያሰረውን የቤት ጨዋታ ፈታው። እኛ አገር ሽማግሌ የሚቀመጠው ለምን ይመስላችኋል?

ዛሬም ሁሉም አልተስማማም። ለምሳሌ ከፌዴሬሽኑ ውጭ ያለው የአሜሪካው ሚዙሪ ሲኖዶስ መግለጫውን አልተቀበለውም። በሌላ በኩል ሜቶዲስቶች በ2006፣ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በ2017 ተቀላቅለውታል።

ሁለተኛው የጨዋታቸው ርዕስ ትውፊት ነው። ሉተራኖች "መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ" ይላሉ፤ ካቶሊኮች መጽሐፍና ቅዱስ ትውፊት ከአንድ ምንጭ ይፈሳሉ ይላሉ። በዚህ ላይ አስተያየት ለመስጠት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለው ሰው የተሻለ የለም። ሆድ መዳሰስን ከመጽሐፍ የተማረ ማን ነው? መጽሐፉን ሁላችንም አንብበናል። ነገር ግን የጉበት ጠርዝ ጣታችን ላይ የደረሰው መምህራችን እጃችንን ይዘው "ተንፍስ በሉት፤ አሁን ጠብቁ" ሲሉን ነው። እሳቸውም ከመምህራቸው ተቀብለውታል። ሳይቀባበል የሚኖር እውቀት የለም የሚለው የካቶሊኮች ነጥብ ለእኛ አዲስ አይሆንብንም።

ግን ደግሞ ኢግናዝ ዜመልቫይስን አስታውሱ። በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሞች ከአስከሬን ክፍል ወጥተው ወደ ማዋለጃ ሲገቡ እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ የእናቶች ሞት ቀነሰ። ሙያው ግን ለዓመታት ገፋው። "ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው" ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የተቀበልነው ሁሉ መመዘን አለበት የሚለው የሉተራኖች ነጥብም ለእኛ አዲስ አይደለም።

የሚገርመው በውይይቱ ሁለቱም ወደ መሐል መጡ። የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ የቤተ ክርስቲያን የማስተማር ሥልጣን ከእግዚአብሔር ቃል በላይ ሳይሆን የቃሉ አገልጋይ እንደሆነ አስቀመጠ። ሉተራኖችም ያለ ትውፊት እንዳልኖሩ አመኑ፤ የጥንቱን የሃይማኖት ጸሎት ይደግማሉ፤ የሉተርን የ1529 ትንሽ ካቴኪዝም ከአባት ወደ ልጅ ያወርዳሉ። ልዩነቱ ግን አልጠፋም። ክርክር ቢነሣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ከሊቃውንቱ ወደ ሳሎናችን ልውረድ። አባቴና የባለቤቴ አባት ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ለብዙ ዓመት ስለ እህል ዋጋና ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የሚጫወቱት። አንድ በዓል ላይ ቡና ተፈልቶ ሳለ የባለቤቴ አባት ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በማርያም ሥዕል ፊት ስትንበረከኩ ምን እያላችሁ ነው?" አሏቸው። እኔ ስኒውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አባቴ ግን አልተቆጡም። "ለምኝልን እያልን ነው። እርስዎ ሲያምዎ ጎረቤትዎን ጸልዩልኝ ይሉ የለ?"

"እላለሁ። ጎረቤቴ ግን በሕይወት አለ።"

"እሷም በክርስቶስ ሕያው ናት ብለን ነው የምናምነው።"

አባባ አሰቡበት። "ይህን በመጽሐፍ አላገኘሁትምና አልቀበለውም" አሉ። "ያመልኳታል ስል የኖርኩትን ግን ዛሬ ትቼዋለሁ።"

አባቴ ደግሞ ተራቸውን ጠየቁ። "እናንተስ በእምነት ብቻ ስትሉ፣ ጎረቤት ተርቦ ቢያድር ግድ የላችሁም ማለት ነው?"

"ኧረ እንዴት ተብሎ! ተርቦ አይቶ ያለፈ ሰው እምነቱ ራሱ ያጠራጥራል። ሥራው እምነቱን ይገልጠዋል እንጂ ዋጋውን አይከፍልም፤ ዋጋው ተከፍሏል።"

"እንግዲያውስ በዚህ አንጣላም" አሉ አባቴ። ከዚያ ወደ እህል ዋጋ ተመለሱ።

ያን ቀን ማንም እምነቱን አልለወጠም። በኋላ ሳነብ፣ ሉተር ራሱ በ1521 በማርያም መዝሙር ላይ ማብራሪያ እንደ ጻፈ፣ የአውግስቡርጉ የ1530 ጽሑፍም ቅዱሳንን መዘከርን እንደማይከለክል አገኘሁ። የሚከለክለው ከእነሱ ርዳታ መለመንን ነው። ማለትም ሁለቱ አባቶች ቡና ላይ የደረሱበት ድንበር ሊቃውንቱ ከደረሱበት ድንበር ብዙም አይርቅም። ድንበሩ የት እንደሆነ ማወቅ፣ አገሩ ሁሉ የጠላት ነው ብሎ ከመኖር ይሻላል።

አሁን የሚያመኝን ልንገራችሁ። እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ ተስማምቶም ቢሆን፣ እኔና ባለቤቴ ከአንድ መሶብ እንበላለን፤ ከአንድ የጌታ ማዕድ ግን አንቆርብም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእሱን ጥምቀት እንደ እውነተኛ ጥምቀት ትቀበላለች። ጋብቻችንንም በጳጳስ ፈቃድ ባርካለች፤ እኔም ልጆቼን በካቶሊክ እምነት ለማሳደግ የምችለውን ላደርግ ቃል ገብቻለሁ። ቁርባን ላይ ስንደርስ ግን አንዳችን ስንነሣ አንዳችን እንቀመጣለን። ትልቋ ልጄ "ሁለታችሁም ኢየሱስ እዚያ አለ ብላችሁ ካመናችሁ ለምን አብራችሁ አትሄዱም?" ብላ ጠይቃኛለች። ልጅቷ ነገሩን በትክክል ይዛዋለች። ክርስቶስ በማዕዱ በእውነት እንዳለ ሉተራኖችም ካቶሊኮችም ያምናሉ፤ አኳኋኑን ግን በተለያየ ቃል ይገልጡታል። ዋናው ልዩነት ክህነት ላይና ቤተ ክርስቲያን ምንድን ናት በሚለው ላይ ነው። በካቶሊክ ትምህርት ቁርባን የሙሉ አንድነት ምልክት ነው፤ አንድነቱ ገና ሙሉ አልሆነም።

በኅዳር 2015 ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ሮም ውስጥ ያለውን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሲጎበኙ ካቶሊክ ያገባች አንዲት ሉተራን ሴት ይህንኑ ጠየቀቻቸው። ፈቃድ መስጠት የእሳቸው ድርሻ እንዳልሆነ ተናገሩ፤ ጥምቀት አንድ መሆኑን አስታወሱ፤ ከጌታ ጋር ተነጋግራችሁ ወደፊት ሂዱ አሉ። መልሱን አንዳንዱ ወደደው፤ አንዳንዱ ግልጽ አይደለም አለው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በጥቅምት 31 ቀን 2016፣ ፌዴሬሽኑ በ1947 በተመሠረተባት በስዊድኗ ሉንድ ከተማ፣ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስና ፍልስጤማዊው ጳጳስ ሙኒብ ዩናን የጋራ ጸሎት መርተው መግለጫ ፈረሙ። በዚያ መግለጫ ውስጥ ሕይወታቸውን ሁሉ የሚጋሩ፣ ማዕዱን ግን መጋራት የማይችሉ ሰዎች ሕመም በግልጽ ተጽፏል። እኔ ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ችግሩ ስለ ተፈታ አይደለም፤ አልተፈታም። ሕመሙ ካርድ ላይ ስለ ተጻፈ ነው። ታማሚ "ምንም የለብህም" ሲባል ምን እንደሚሰማው፣ "አዎ፣ አለ፤ ገና መድኃኒት አላገኘንለትም" ሲባል ደግሞ ምን እንደሚሰማው እናንተ ታውቃላችሁ።

እስከዚያው ድረስ የሚሠራ ሥራ ሞልቷል። በዚያው በሉንዱ ዕለት በማልሞ የካቶሊኩ ካሪታስ እና የሉተራን ፌዴሬሽን የርዳታ ክንፍ አብረው ለመሥራት ተፈራርመዋል። እኛ አገር ይህ አዲስ አይደለም። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የካቶሊክ ሴክሬታሪያቱ፣ መካነ ኢየሱስ፣ የካቶሊክ ርዳታ አገልግሎትና የሉተራን ፌዴሬሽን እህል በጋራ አጓጉዘዋል፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም የዚሁ ጥምረት አካል ሆናለች። እህል የሚቀበለው ሰው የማን ጆንያ እንደሆነ አልጠየቀም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች ምን እንወስዳለን? እኔ የወሰድኩት ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱንም ዋርድ ላይ የምናውቃቸው ናቸው። አንደኛ፣ ሂስትሪ ከባለቤቱ ይወሰዳል። ስለ ሌላው እምነት ከጎረቤት ወሬ አትነሡ፤ ጠይቁት፤ የነገራችሁን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት፤ "አዎ፣ እንደዚያ ነው የማምነው" እስኪል ድረስ ፍርድ አትስጡ። ሁለተኛ፣ የቃል ልዩነትንና የነገር ልዩነትን ለዩ፤ ሁለቱም አሉ፤ አንዱን በሌላው መሸፈን ሁለቱንም ያበላሻል። ሦስተኛ፣ የቀረውን ልዩነት ጻፉት። ያልተጻፈ ችግር ክትትል የለውም።

ይህን የምላችሁ ስለ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች ብቻ እያሰብኩ አይደለም። የባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ከልደት ምኞትና ከሐዘን መግለጫ በቀር ምንም የማይጻፍበት ከሆነ ቆየ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። ያለፉት ዓመታት በእምነት ሳይሆን በሌላ ነገር ለያይተውናል፤ አንድ ሬሳ ላይ አብረን የተማርን ሰዎች ዛሬ "ሰላም ነው?" ተባብለን እናልፋለን። ይሉኝታችን ከጠብ ጠብቆናል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ግን እዚያ ላይ አቁሞናል። እርስ በርስ ውግዘት የተለዋወጡ ሁለት ቤቶች ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ቁጭ ብለው "እስቲ አንተ የምትለውን እኔ ልንገርህና ትክክል እንደሆነ ንገረኝ" መባባል ከቻሉ፣ አንድ ካፌ ሻይ የጠጣን ሰዎች የምንችል ይመስለኛል።

እራት ቀርቦ እየጠበቀን ነው፤ የጾምም የፍስክም አለ ብለውኛል። ወንበር ስትመርጡ ከለመዳችሁት ሰው አጠገብ አትቀመጡ። አብራችሁ የቆየ ዝምታ ካለበት ሰው አጠገብ ተቀመጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ከዚያ መልሱን እስኪጨርስ ጠብቁት።